ቀምሶ መትፋት

ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱም ከረፋዱ 5 ነበር። በፈረንሳይ አገር፣ ቡርጎኝ በሚባለው አውራጃ፣ ከዲዦን ከተማ ወደ ደቡብ በሚዘረጋው ኮረብታ ሥር፣ ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ አንድ ወይን ተካይ ከመኖሪያ ቤታቸው በታች ወዳለው የድንጋይ ምድር ቤት አወረዱን፤ ቀጭን ብርጭቆ አስያዙኝ፤ ከአንዱ በርሜል ላይ ውታፉን ነቅለው፣ በመስተዋት ቱቦ የሳቡትን ቀይ ወይን ጠጅ ሁለት ጣት ያህል ቀዱልኝና የምለውን ለመስማት ፊት ፊቴን ያዩኝ ጀመር። እኔ ግን ብርጭቆውን እንደ ጨበጥሁ ቆሜ ቀረሁ፤ ጾመኛ ነበርሁና፣ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም በአፌ እንዳይዞር ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝሁትን ልማድ ፈረንጅ አገር ስለ መጣሁ ብቻ የምጥልበት ምክንያት አልታየኝም።

በዲዦን ትምህርት ላይ ያለውና ያን ቀን አስተርጓሚዬም ነጂዬም የነበረው የእኅቴ ልጅ ነገሩ ገብቶት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ጋሼ፣ መዋጥ እኮ ግድ አይደለም። እሳቸውም ቀምሰው ይተፉታል፤ እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ ይተፋል። ካልዋጡት ጾሙ ምን ይሆናል?» አለኝ። ልጁ ይህን ያለው ከጭንቅ ሊያወጣኝ ነው፤ ነገር ግን ከጭንቅ ያወጣኝ መስሎት የባሰ ጭንቅ ውስጥ ጨመረኝ። ቀምሶ የተፋ ሰው ምን አድርጓል እንበል? ጠጥቷልን፣ ወይስ አልጠጣም?

ሽማግሌው ሲቀምሱ ያየ ሰው ጥያቄው እንዲሁ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን ይረዳል። በመጀመሪያ ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አዘንብለው ቀለሙን ያያሉ፤ መብራት ባልነበረበት ዘመን አባቶቻቸው ለዚህ ሥራ የሚይዙት፣ ጎድጓዳነቱ ጥቂት የሆነ፣ የሻማው ብርሃን እንዲያንጸባርቅበት ውስጡ በእብጠት የተሠራ የብር ጽዋ አሁንም ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከዚያ አፍንጫቸውን ወደ ብርጭቆው አስገብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጸሎት የሚያደርሱ እስኪመስል ድረስ ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ማንኪያ ያህል ይጎነጩና ከንፈራቸውን አሹለው አየር ወደ ውስጥ ሲስቡበት ወይኑ በአፋቸው ውስጥ ይንቦጫቦጫል፤ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ያመላልሱታል፤ በመጨረሻም በሁለቱ በርሜሎች መካከል ባለው ጠጠር ላይ፣ እንደ ክር ቀጥ ባለ ቀጭን መሥመር፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ሸሚዛቸውን ሳትነካ፣ ይተፉታል። የእኅቴ ልጅ ዓመት ሙሉ ሞክሮ ይህን ማድረግ አልቻለም፤ እርሱ ሲተፋ አገጩንም ጫማውንም ያረጥባል። በአንድ ቀን ሠላሳና ዐርባ በርሜል የሚመረምር ሰው የቀመሰውን ሁሉ ቢውጥ ደረጃውን ተመልሶ ለመውጣት ሰው ያሻው ነበርና፣ መትፋቱ ንቀት አይደለም፤ ሥራቸው ነው።

ተፍተውም ይናገራሉ። አንዱ በርሜል የደረቀ ቼሪ፣ አንዱ ከዝናም በኋላ ያለ የጫካ አፈር፣ ሌላው አዲስ የተለፋ ቆዳ ይሸታል ይላሉ። እያንዳንዱ በርሜል 228 ሊትር ይይዛል፤ ሁሉም ፒኖ ኗር ከሚባለው ከአንዱ የወይን ዘር የተጨመቀ ነው፤ የሚለያዩት በበቀሉበት ቁራጭ መሬት ብቻ ነው። የቡርጎኝ ሰዎች እንዲህ ያለውን ስም ያለው ቁራጭ መሬት «ክሊማ» ይሉታል፤ 1,247 ናቸው ተብሎ ተቈጥሯል፤ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2015 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እኛ አገር አንድ ገበሬ የመደቡን ጠባይ ከመደብ ለይቶ እንደሚያውቅ ነው፤ ልዩነቱ እነዚህ ዕውቀቱን በምላስ ይዘው ዘጠኝ መቶ ዓመት መቈየታቸው ነው።

ወደ ጾሙ ልመለስ። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲናገር ከመብል ስለ መከልከል ይናገራል፤ መብል ደግሞ ወደ ሆድ የሚወርድ ነው። በዚህ መንገድ የሄደ ሊቅ፣ ያልወረደ ነገር አልተበላምና ጾሙ አልተፈታም ሊል ይችላል። ሌላው ተነሥቶ፣ ጾም የሆድ ብቻ ሳይሆን የዓይንም የጆሮም የአንደበትም ነው፤ እንግዲያውስ ምላስ ደስ ከተሰኘ ጾም የት አለ ብሎ ይከራከረዋል። ክርክሩ ሁሉ አፍ ምንድር ነው ወደሚለው ይመለሳል፤ አፍ ደጅ ነውን ወይስ ቤት? በደጅ ያለፈ መንገደኛ ገባ አይባልም፤ እልፍኝ ድረስ ዘልቆ፣ ተቀምጦ፣ ተጫውቶ የወጣ ግን በእንግድነቱ ምን ጎደለው? እናቴ ይህን ክርክር ሳትሰማ ፈርዳበት ነበር። በጾም ወጥ ስትሠራ የጨውን መብቃት በምላሷ አታይም፤ የድስቱን ክዳን ከፈት አድርጋ እንፋሎቱን ትስብና «ጨው ያንሰዋል» ትላለች፤ አንድ ቀን እንኳ ስትሳሳት አላስታውስም።

እኔም በበኩሌ ስለ ወይንና ስለ ምላስ የተማርሁት በሌላ ቤት ነው። በልጅነቴ ዲያቆን ነበርሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ባለችው ትንሽ ቤተ ልሔም ውስጥ ለቅዳሴው ዘቢቡን አጥበን፣ በውኃ ዘፍዝፈን፣ ሲርስ በእጃችን እያሸን እንጨምቀው ነበር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ወደ መቅደስ የምታገባው የፈላ ወይን ጠጅ ሳይሆን ይህን ነው። ጭማቂው በጣቶቼ መካከል ሲወርድ፣ ከሌሊቱ ጀምሮ ባዶ በሆነው ሆዴ ላይ የጣፋጩ ሽታ ሲመጣብኝ፣ አንዲት ጣቴን ለመላስ የነበረኝ ምኞት ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ ዋናው ዲያቆን ጣቶቼን እንጂ ዘቢቡን የሚጠብቅ አይመስለኝም ነበር። ቆራቢ 18 ሰዓት ጾሞ ይቀርባል፤ ሥጋውን ከካህኑ እጅ፣ ደሙን በዕርፈ መስቀል ከዲያቆኑ ይቀበላል፤ ጠበል ይጠጣል፤ ከዚያ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ይወጣል። ያን ቀን አይተፋም። እንትፍ ማለት በጭራሽ ክልክል ነው። ልጅ ሆኜ ከሥርዐቱ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር፤ አፌ የእኔ መሆኑ የቀረ መሰለኝ።

እንግዲህ እንዲህ ካለው ሥርዐት የመጣ ሰው፣ ሰዎች ሁሉ በተራ እየተጎነጩ በተራ በሚተፉበት ምድር ቤት ሲቆም የሚሰማውን አንባቢ ይገምት።

ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ የሚያደርገው ይህን የወይን ዕውቀት ሁሉ ያስተማሩት መነኮሳት መሆናቸው ነው። ጧት፣ ወደ ሽማግሌው ቤት ከመሄዳችን በፊት፣ ክሎ ደ ቩዦ የሚባለውን በድንጋይ ካብ የታጠረ ዐጸደ ወይን አይተን ነበር። በ1098 ሮቤር ዘሞሌም የተባለው መነኩሴ ጥቂት መነኮሳት አስከትሎ በሜዳው ረግረግ መካከል የሲቶን ገዳም መሠረተ፤ ከአሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ በርናርድ የተባለ ወጣት ሠላሳ ያህል ዘመዶቹንና ጓደኞቹን ይዞ ገባበት። በረግረግ ላይ ወይን አይሆንምና መነኮሳቱ ለቅዳሴና ለእንግዳ የሚሆናቸውን ለማግኘት ወደ ኮረብታው መጡ፤ የተሰጣቸውንና የገዙትን ቁርጥራጭ መሬት አጋጥመው 50 ሄክታር ያህል የሆነውን ቦታ በአንድ ካብ አጠሩት። መነኮሳቱ ጠባዩን ለማወቅ አፈሩን ሳይቀር ይቀምሱ ነበር እየተባለ ይተረካል፤ ማስረጃ የሌለው ተረት ነው፤ ቢሆንም ተረቱን ያወራው ሕዝብ ስለ መነኮሳቱ አንድ እውነት ሳይገባው አልቀረም። የሚመሩበት የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዐት በ40ኛው ምዕራፉ፣ ወይን ለመነኮሳት የማይገባ መሆኑ መነገሩን ያነሣና፣ የዘመኑ መነኮሳት ይህን አምነው ስለማይቀበሉ እንግዲያስ እስከ መጥገብ አይጠጡ ብሎ፣ ለቀን አንዲት ሄሚና የምትባል ትንሽ መስፈሪያ ይፈቅድላቸዋል። እንዲህ ያለ ማዘንና መራራት የተቀላቀለበት ሕግ ብዙ አላነበብሁም። በዚህች መስፈሪያ የተወሰኑ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ዓለም የሚቀናበትን ወይን ያሳደጉት።

ለምን ሆነ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ጊዜም ጉልበትም መዝገብም ስለ ነበራቸው ነው የሚል ነው፤ ልክ ነው፤ አይበቃም ግን። የቤኔዲክቶስ መነኩሴ ሲገባ ከሚሳላቸው ስእለቶች አንዱ ከገባበት ገዳም ላለመውጣት ነው። ወይን ተክሎ ለሌላ ሰው ትቶት አይሄድም፤ ክፉ ዓመት ቢመጣ ክፉውን ከዚያው ይጠጣል፤ ሲሞትም ከተከለው ብዙም ሳይርቅ ይቀበራል። ከወይኑ የሚቀምሰው ጥቂት ነበር፤ የቀመሰውን ግን አልተፋም ማለት ነው። አውግስጢኖስ ነገርን ሁሉ የምንጠቀምበትና የምንደሰትበት ብሎ በሁለት ከፍሎታል፤ ቀምሶ የሚተፋው ግን ከሁለቱ በአንዱም አይገባም፤ እርሱ ይፈርዳል። የተፋነው ላይ እኛ እንፈርዳለን፤ በዋጥነው ነገር ግን ፍርዱ ወደ እኛ ይዞራል፤ ስካሩም ጤናውም ዕዳውም በእኛ ላይ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ቍርባንን ሳይገባው ስለሚቀበል ሰው የተናገረው ማስጠንቀቂያ የሚያስፈራው በዚህ ይመስለኛል።

መነኮሳቱን ግን ከሚገባ በላይ እንዳላወድስ እፈራለሁ። ሀብት በዝቶላቸው ነበር፤ በ1789 የመጣው አብዮት የቤተ ክርስቲያንን ርስት ሁሉ ለመንግሥት ሲያደርግ ካቡም ወይኑም ተሸጠ፤ እስከ 1889 ሳይከፋፈል ቆይቶ ከዚያ ተቈራርጦ፣ ዛሬ ያ አንድ አጥር 80 ያህል ባለቤቶች አሉት፤ ከላይ በኩል ያለው መሬት የተሻለ፣ ከታች በመንገዱ ዳር ያለው የከበደ ጭቃ ሆኖ ሳለ ሁሉም በአንድ ስም ይሸጣሉ። ከዚህ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። በ1415 በኮንስታንስ የተሰበሰበው የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ ምእመናን ሥጋውን ብቻ እንዲቀበሉ፣ ጽዋው ግን ለሚቀድሰው ካህን ብቻ እንዲሆን አጸና፤ በቦሄሚያ አገር ስለዚህ ጽዋ ጦርነት ተደርጓል፤ ለምእመናን በጥቂቱ መልሶ የተፈቀደው በ20ኛው መቶ ዓመት፣ በ2ኛው የቫቲካን ጉባኤ ነው። በዓለም የተመሰገነው ወይን በሚበቅልበት አገር፣ ዘሩን የሚኮተኩተው ገበሬ በዕለተ ሰንበት ከመቅደሱ ጽዋ ሳይቀምስ አምስት መቶ ዓመት ኖረ ማለት ነው፤ ወይን ብርቅ በሆነበት በእኛ ተራራ ላይ ደግሞ እረኛውም ባልቴቲቱም በውኃ ከታሸ ዘቢብ በማንኪያ ይቀበሉ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም፤ በእኛም ዘንድ ጽዋው ለሁሉ ተፈቅዶ ሳለ ደፍሮ የሚቀርበው ጥቂት ሕፃንና ጥቂት ሽማግሌ መሆኑን አውቃለሁና።

በዚያው ጧት ከካቡ ውጭ አንድ ሠራተኛ የሞተ ግንድ ሲነቅል አይተን ቆምን። ግንዱ ላይ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ እንደ ጉልበት ያበጠ ነገር አለ። ሰውየው በመቁረጫው ጫፍ እየነካ፣ ከዚህ በላይ ያለው ፈረንሳዊ፣ ከዚህ በታች ያለው አሜሪካዊ ነው አለና ሳቀ። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የምትባል፣ በዓይን ለማየት የምታስቸግር ነፍሳት ከአሜሪካ መጥታ የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ እየመጠጠች አደረቀችው፤ መድኃኒቱ የተገኘው ነፍሳቷን መቋቋም የለመደውን የአሜሪካን የዱር ወይን ሥር አምጥቶ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በላዩ ላይ በመሰካት ነው። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ የዱር ወይራ ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ሥር ላይ ስለ መግባቱ ይናገራል፤ አሕዛብ የሆንን እኛ በእስራኤል ሥር ላይ መግባታችን ነው። በቡርጎኝ የሆነው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ መልካሙ ዘር የቆመው በዱሩ ሥር ነው፤ በጠርሙሱ ላይ ግን የዱሩ ስም አይጻፍም። ቀማሾቹ ስለ አፈሩ፣ ስለ ካቡ፣ ስለ መነኮሳቱ ሲያወሩ ሰዓት አይበቃቸውም፤ ስለዚያ ሥር ሲያነሡ ግን አልሰማሁም።

በዚህም የቃና ዘገሊላው ሠርግ ትዝ አለኝ። የእኛ ሰው በዓሉን ጥር 12 ያከብራል፤ የፈረንሳይ ወይን ተካዮች ደግሞ የጠባቂያቸውን የቅዱስ ቬንሳንን በዓል የሚያከብሩት በጃንዩወሪ 22፣ ማለትም በጥር 14 ነው። በዚያ ሠርግ ላይ ቀማሹ ሊቀ ምርፋቅ ነበር። ቀመሰ፤ ፈረደም፤ ፍርዱም ትክክል ነበር፤ የኋለኛው ከፊተኛው ይሻላል አለ። ወይኑ ከየት እንደ መጣ ግን አላወቀም። ወንጌላዊው ያወቁት ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች መሆናቸውን ይነግረናል፤ መቅመሳቸውን ግን አልጻፈልንም። ይህን ክፍል ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የማያውቅ ቀማሽና የሚያውቁ ያልቀመሱ እንደ ተገናኙበት ያስተዋልሁት ግን ያን ዓርብ ነው።

ወደ ምድር ቤቱ ልመለስ። ሽማግሌው ነገሬ በተተረጐመላቸው ጊዜ አልተቀየሙም። ሴት አያታቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ አያስቀምሷቸውም እንደ ነበር ነገሩኝና ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱ፤ ከመደርደሪያ ትንሽ ሰሐን አንሥተው ከደኑት፤ በበርሜሉ ራስ ላይ አስቀምጠው በጠመኔ 3 ቁጥር ጻፉበት። በእነርሱ 3 ሰዓት የእኛ 9 ነው። እስከዚያው ቦን ድረሱ አሉን።

ቦን ከተማ ያለው የድኾች ሆስፒታል በ1443 ኒኮላ ሮለን የተባለው የቡርጎኝ መስፍን ሹምና ሚስቱ ጊጎን ያሠሩት ነው፤ ጣሪያው በቀለም በተጌጠ ሸክላ የተከደነ ነው። ሕሙማን በረጅሙ አዳራሽ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይተኙ ነበር፤ በመጨረሻው ባለው የጸሎት ስፍራ፣ በእሑድና በበዓል ቀን ይገለጥ የነበረው፣ ሮጂር ቫን ደር ዋይደን የሣለው የዕለተ ምጽአት ሥዕል ነው፤ ቅዱስ ሚካኤል ነጭ ለብሶ ሚዛን ይዟል። የእኛ ሠዓሊዎች የሚሥሉትን የሚያስታውስ ነገር ስላየሁበት ከሥዕሉ ፊት ረጅም ጊዜ ቆምሁ። ይህ ቤት በየዘመኑ በኑዛዜ የተሰጠው ብዙ የወይን መሬት አለው፤ ከ1859 ጀምሮ በየዓመቱ፣ በኖቬምበር 3ኛ እሑድ፣ ወይኑን በጨረታ እየሸጠ ገንዘቡን ለሕሙማን ያውላል። ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ገዢዎቹ ከበርሜሉ ይቀምሳሉ፤ በእርግጥም ይተፋሉ። እንዲህ ያለው መትፋት ከጾም ጋር ዘመድ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም፤ ጾመኛ ከአፉ የመለሰው ምሳ ወደ ድኻ አፍ ካልሄደ ምሳውን ማትረፉ ነው እንጂ መጾሙ አይደለም ሲሉ መምህራችን ደጋግመው ያስተምሩን ነበርና።

መኪና ውስጥ ተመልሰን ስንገባ የእኅቴ ልጅ አሁንም የጧቱን ክርክር አልተወም፤ በድሮ ቤተ መንግሥት ጠጅ አሳላፊው ከብርሌው በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይጠጣ አልነበረምን፣ እርሱስ ቀማሽ አይደለምን አለኝ። ቀማሽ ነው። ነገር ግን መርዝ ቢኖርበት እርሱ እንዲሞትበት ነበር የሚቀምሰው፤ ቢተፋው ኖሮ ጌታው ብርሌውን አይቀበለውም ነበር። ጌታችንም ሊሰቀል ሲል ሐሞት የተቀላቀለበትን ወይን ቀምሶ ሊጠጣው አልወደደም፤ ሕመሙን የሚያደነዝዝ ነበርና። ሞትን ግን ቀመሰ ይባላል፤ ያን ጊዜ መቅመስ ማለት መዋጥ ሆነ። ይህን ስነግረው ልጁ መልስ አልሰጠኝም፤ መንገዱን ይመለከት ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በአሮጌው ልማድ ወይኑ ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት የሚጣራው በእንቁላል ነጭ መሆኑን የእኅቴ ልጅ የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ነው። ሆን ብሎ ነው። የእኔ ብርጭቆ ገና ካልተጣራ በርሜል የተቀዳ በመሆኑ ምሕረት አድርጌለታለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ወደ ምድር ቤቱ ወረድን። ሽማግሌው ብቻቸውን ነበሩ፤ ጧት በብርጭቆ የተረፈውን፣ ከንፈር ያልነካውን፣ በየበርሜሉ መልሰው እየጨመሩ የጎደለውን ይሞላሉ፤ እንጨቱ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ያተናልና በርሜል ከጎደለ ወይኑ ይበላሻል፤ ያን የሚተነውን የመላእክት ድርሻ ይሉታል። ሰሐኑን ከብርጭቆው ላይ አነሡልኝ። የእኅቴ ልጅ የገዛውን ዳቦ ቈረሰ፤ አማትቤ ቈረስሁ፤ ከዚያም ወይኑን ጠጣሁ፤ ዋጥሁት። አጥባቂዎቹ አባቶች ከዘጠኝ ሰዓት በኋላም ቢሆን በጾም ቀን ወይን አይቀምሱም፤ እኔ ያን ያህል ጽኑ አይደለሁም። ባዶ ሆዴ ላይ ሲወርድ እስከ ደረቴ ድረስ ሞቀኝ።

ሽማግሌው ቱቦውን እንደ ያዙ ጠጋ ብለው፣ «እህስ፣ ሙሴ?» አሉኝ። ቼሪ ልበል ወይስ አፈር ልበል ብዬ አሰብሁ። የእኅቴ ልጅ የምለውን ሊተረጕም አፉን ከፍቶ ይጠብቀኝ ነበር።